ጣቢያው ከቤታችን ስንት እርምጃ ነው?

አውቶቡስ ጉዞውን የሚጀምረው ከጣቢያው ነው። እናት ግን ጉዞዋን የምትጀምረው ከቤቷ ደጃፍ ነው። ሕፃኗን አዝላ፣ ትልቁን ልጅ በእጇ ይዛ፣ ዘንቢሏን ወይም የሥራ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ መጀመሪያ የምታገኘው አውቶቡሱን ሳይሆን መንገዱን ነው። ክዳኑ የተነሣ ቱቦ፣ የእግረኛውን መንገድ ይዞ የቆመ መኪና፣ መብራት የሌለው ቅያስ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃ የሚሆን አቋራጭ ካጋጠማት፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አውቶቡስ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ቀኗ የሚበላሸው ገና ሳትሳፈር ነው።

ስለሆነም ስለ ከተማ ትራንስፖርት ሲነሣ «አውቶቡሱ ስንት ነው? ምን ያህልስ ይፈጥናል?» ብሎ ማቆም ግማሹን ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ነው። ሌላው ግማሽ «ወደ ጣቢያው የሚያደርሰው መንገድ ምን ይመስላል? በጣቢያው ዙሪያስ ምን አለ?» የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው ሳይሆን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ልጅን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ በሰዓቱ መግባት፣ ሲመሽም በሰላም ቤት መድረስ የሚቻለው ወይም የማይቻለው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነውና።

በዚህ ሳምንት አምዳችን ይህንን ጉዳይ የምናየው በሁለት የላቲን አሜሪካ ከተሞች ልምድ ነው። አንደኛዋ ሐሳቡን ያፈለቀችው የብራዚሏ ኩሪቲባ፣ ሁለተኛዋም በስፋት የሠራችበትና በስሕተቷም በጎነቷም ብዙ የምታስተምረው የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ናት። ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ እንደኛዋ አዲስ አበባ ተራራ የተንተራሰች፣ ዝናብ የማያጣት ደገኛ ከተማ በመሆኗ ልምዷ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ለመሆኑ ፈጣን አውቶቡስ ሲባል ምን ማለት ነው?

በአሕጽሮት «ቢ.አር.ቲ.» የሚባለው ፈጣን የአውቶቡስ ትራንስፖርት ሦስት ዋና ዋና ነገሮችን ያሟላ አሠራር ነው። አንደኛ፣ አውቶቡሶቹ ከሌላው ተሽከርካሪ ተለይተው በራሳቸው መስመር ይሄዳሉ። ሁለተኛ፣ ተሳፋሪው ሒሳቡን የሚከፍለው አውቶቡሱ ውስጥ ሳይሆን አስቀድሞ ጣቢያው ላይ ነው። ሦስተኛ፣ የጣቢያው ወለልና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ስለሚሆኑ መሳፈር ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል እንደ መግባት ይቀላል። ይህ ሦስተኛው ነገር ለነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ላዘለች፣ ጉልበቷ ለደከመ አሮጊትና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የአውቶቡስ ደረጃ የታገለ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን አሠራር በቅድሚያ የጀመረችው ኩሪቲባ ስትሆን፣ ለአውቶቡስ ብቻ የተለዩት መስመሮቿ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በጊዜው ከንቲባ የነበሩት አርክቴክቱ ዣይሜ ሌርኔር ነበሩ። የኩሪቲባ ብልኃት ግን አውቶቡሱ ላይ ብቻ አልነበረም። መስመሩና የቤቶቹ ፕላን አብረው ተነደፉ። በአውቶቡሱ መስመር ግራና ቀኝ ፎቅ ቤቶች እንዲሠሩ፣ ምድር ቤታቸውም ለሱቅና ለአገልግሎት እንዲውል፣ ከመስመሩ እየተራቀ በተሄደ ቁጥር ግን ቤቶቹ እያጠሩ እንዲሄዱ ተደነገገ። በዚህም ብዙ ሕዝብ ለጣቢያ ቅርብ በሆነ ቦታ እንዲኖር ተደረገ። ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲውና የልብስ ሰፊው ሱቅ ሴትየዋ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ቤቷ በምትሄድበት መንገድ ላይ ሆኑ።

ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ1972 ዓመተ ምሕረት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ያችው ከተማ በመሐሏ የሚያልፈውን ዋና የገበያ ጎዳና ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ ብቻ አድርጋው ነበር። ሥራው የተጠናቀቀው በ72 ሰዓት ያህል ነው። በመጀመሪያ ባለሱቆቹ ደንበኛ እናጣለን ብለው ተቃወሙ። ጥቂት ቆይቶ ግን ገበያው ሲደራ ባዩ ጊዜ ሥራው እንዲቀጥል ራሳቸው ጠየቁ። አንዳንድ ባለመኪናዎች በኃይል ገብተው መንገዱን እናስመልሳለን ብለው በዛቱበት ዕለት ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ በጎዳናው ላይ ረጅም ወረቀት አንጥፎ ሕፃናት ሥዕል እንዲሥሉበት አደረገ። ባለመኪናዎቹም በሕፃናቱ ላይ ሊነዱ አልቻሉምና ተመለሱ። ያ ጎዳና እስከ ዛሬ የእግረኛ ነው።

እግረኛው በአስፋልት፣ መኪናው በጭቃ

ቦጎታ «ትራንስሚሌኒዮ» የተባለውን ፈጣን የአውቶቡስ መስመሯን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2000 ነው። የወቅቱ ከንቲባ ኤንሪኬ ፔኛሎሳ የአውቶቡስ መስመር ብቻ ዘርግተው አላቆሙም። መኪናዎች ይዘውት የነበረውን የእግረኛ መንገድ አስለቅቀው ለእግረኛው መለሱ። በጊዜ ሒደትም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የደረሰው የብስክሌት መንገድ መሠረት የተጣለው በዚያው ዘመን ነበር።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ለእኛ አንባቢያን ሊነገር የሚገባው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሠራተኞች በሚኖሩባቸው ሠፈሮች የተሠራው «አላሜዳ ኤል ፖርቬኒር» የተባለ መንገድ ነው። 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ዛፍ የተተከለለት፣ መብራት የገባለት፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተሠራ ጎዳና ነው። ያን ጊዜ በአካባቢው የነበሩት የመኪና መንገዶች ብዙዎቹ ገና አስፋልት አልለበሱም ነበር። ስለሆነም ባለመኪናው በጭቃና በአቧራ ሲንፏቀቅ፣ በእግሩ የሚሄደው ሠራተኛና በብስክሌት የምትሄደው ተማሪ በንጹሕ መንገድ ያልፉ ነበር። አዲስ ነገር የሆነውም ይኸው ነው። በብዙ ከተሞች መጀመሪያ የሚሠራው ለመኪና፣ የእግረኛው «ገንዘብ ሲገኝ» የሚባል ነውና።

ከዚህም ጋር በአካባቢው ባለው ትልቁ የአውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ ጥበቃ ያለው የብስክሌት ማቆሚያ ተዘጋጀ። ሰውየው ብስክሌቱን በአደራ አስቀምጦ በአውቶቡስ ይሳፈራል፤ ሲመለስ ያገኘዋል። ነገሩ ተራ ይምሰል እንጂ ሒሳቡ ትልቅ ነው። አንድ ጤናማ ሰው በአሥር ደቂቃ በእግሩ የሚሄደው 800 ሜትር ያህል ነው። በብስክሌት ግን በዚያው አሥር ደቂቃ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ጣቢያውን መሐል አድርገው ሁለት ክብ ቢሥሉ፣ የብስክሌቱ ክብ የሚይዘው መሬት ከእግሩ ክብ ዘጠኝ እጥፍ በላይ ነው። ይህ ማለት በአንድ ጣቢያ የሚገለገለው ቤተሰብ ቁጥር በዚያው መጠን ሊጨምር ይችላል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ግን ሁለት ነገር ነው፦ ከመኪና የተለየ መንገድና ብስክሌቱ የማይሰረቅበት ማቆሚያ።

ሌላም አለ። ጣቢያ በተሠራበት የመሬት ዋጋ ይወጣል፤ የቤት ኪራይ ይጨምራል። አስቀድሞ ካልታሰበበት አውቶቡሱ ይበልጥ የሚያስፈልጋት የቀን ሠራተኛ ከጣቢያው እየራቀች ትገፋለች። ቦጎታ ይህን ለመከላከል «ሜትሮቪቪየንዳ» የተባለ የማዘጋጃ ቤት ድርጅት አቋቁማ ነበር። ድርጅቱ በከተማዋ ዳር ያለውን መሬት ዋጋው ሳይንር ይገዛ ነበር፤ ውኃ፣ የፍሳሽ መውረጃ፣ መንገድና መናፈሻ ያስገባለት ነበር፤ ከዚያም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ቤት እንዲሠራበት ለሠሪዎች ያስተላልፍ ነበር። የገንዘብ እጥረት ሥራው በታሰበው መጠን እንዳይሰፋ አድርጎታል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፦ ለድኻው ቤት የሚሆነው ቦታ መታሰብ ያለበት ጣቢያው ከተከፈተ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው።

ምን ጎደለ?

የቦጎታን በጎነት ብቻ አውርቶ ማለፍ ለአንባቢ አይጠቅምም። ከጣቢያዎቿ ብዙዎቹ የተሠሩት በሰፋፊ የመኪና ጎዳናዎች መካከል ነው። ወደነዚያ ጣቢያዎች ለመድረስ ረጅም የእግረኛ ድልድይ ወጥቶ መውረድ ያስፈልጋል። በካርታ ላይ 200 ሜትር የሚመስለው ርቀት ድልድዩን ዞሮ ሲወጡትና ሲወርዱት እጥፍ ይሆናል። በእንደዚህ ዓይነቱ ጣቢያ አጠገብ ሱቅም፣ ሕፃናት መዋያም፣ ተቀምጦ የሚያርፉበት ቦታም ለመክፈት አይመችም። ግራና ቀኙ ፈጣን መኪና ነውና።

መጨናነቁና የሴቶች ደኅንነትም ሌላው ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ቶምሰን ሮይተርስ ፋውንዴሽን በ16 ታላላቅ ከተሞች ባደረገው የአስተያየት ጥናት፣ የሕዝብ ትራንስፖርታቸው ለሴቶች አስጊ ነው ከተባሉት ቦጎታ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። በዓለም ዙሪያ ለፍጥነቱ የተደነቀ አውቶቡስ፣ ለምትሳፈርበት ሴት ግን የሥጋት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ሰው ብዛትና ፍጥነት ብቻ ተቆጥሮ የተሠራ ሥራ ሙሉ እንዳልሆነ ነው። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ወጣት ብቻዋን ከዚህ ጣቢያ ወርዳ ቤቷ ድረስ ሳትፈራ ትሄዳለችን?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ፕላን ላይ መጻፍ አለበት።

መብራት አንዱ መልስ ነው። ከመብራት የሚበልጠው ግን ሰው ነው። እስከ ምሽት የሚከፈት ሱቅ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ጎረቤቶች፣ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ያለችበት መንገድ በረጅም ግንብ ከታጠረ መንገድ ይልቅ ሰላማዊ ነው። ስለዚህ በጣቢያ ዙሪያ የሚሠሩ ቤቶች ጀርባቸውን ሳይሆን ፊታቸውን፣ በራቸውንና መስኮታቸውን ወደ መንገዱ እንዲያዞሩ ማድረግ ለውበት ብቻ ሳይሆን ለጥበቃም ነው።

አንድ ጉዞ፣ ብዙ ጉዳይ

የትራንስፖርት ፕላን ሲወጣ በብዛት የሚታሰበው ጠዋት ከቤት ወጥቶ በቀጥታ ሥራ የሚገባና ማታ የሚመለስ ሰው ነው። እናት ግን በቀጥታ አትሄድም። ልጁን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ሥራ ትገባለች፤ ስትመለስ ገበያ ትወጣለች፤ የታመመ ካለ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች፤ ወፍጮ ቤት የሰጠችውን እህል ትቀበላለች። እነዚህ ጉዳዮች በአምስት የተለያዩ አቅጣጫዎች ከተበተኑ በየአንዳንዱ ታክሲ፣ በየአንዳንዱ ሰልፍ፣ በየአንዳንዱም ሒሳብ አለ። በአንድ ጣቢያ ዙሪያ ከተሰበሰቡ ግን በአንድ የአውቶቡስ ሒሳብና በአጭር የእግር መንገድ ያልቃሉ።

ቦጎታ ይህንን የተረዳችው ዘግይታም ቢሆን ጥሩ አድርጋ ነው። በደቡብ በኩል ተራራ ላይ ለሚኖሩት የሲዩዳድ ቦሊቫር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በሽቦ ላይ የሚንሸራተት የአየር ላይ መጓጓዣ ተከፈተላቸው። ከታችኛው የአውቶቡስ ጣቢያ ተነሥቶ አቀበቱን ይወጣል። ቀድሞ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅ የነበረው መንገድ ወደ ሩብ ሰዓት ወረደ። ቀጥሎም ክላውዲያ ሎፔዝ በከንቲባነት ከተመረጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከተማዋ «የእንክብካቤ ሠፈር» ልንለው የምንችለውን አሠራር ጀመረች። ሎፔዝ ለዚህ ሥልጣን በምርጫ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ከቤቷ በእግሯ ልትደርስበት በምትችል ርቀት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ፣ የሕፃናት መዋያ፣ ትምህርት ያቋረጡ ሴቶች የሚማሩበት ክፍል፣ የሕግና የጤና ምክር የሚሰጥበት ቢሮ በአንድ አካባቢ ይገኛሉ። እናትየዋ ልብሱን ማጠቢያው ውስጥ ጨምራ፣ ሕፃኑን ለሞግዚቶች ሰጥታ፣ ራሷ ክፍል ገብታ ያቋረጠችውን ትምህርት ትቀጥላለች። ከመጀመሪያዎቹ ማዕከሎች አንዱ የተቋቋመው በዚያው በሲዩዳድ ቦሊቫር፣ ከአየር መጓጓዣው ጣቢያ አጠገብ ነው። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ግን የእግር መንገዱ ነው። ማዕከሉ በእግር የማይደረስበት ቢሆን ኖሮ ለእነዚያ እናቶች ያለመኖር ያህል ነበር።

ወደ ከተማችን ስንመለስ

በአዲስ አበባ ግማሽ ያህሉ ጉዞ የሚከናወነው በእግር ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ የእግረኛ ነገር ለእኛ የቅንጦት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከራሳችን ልምድም የምንማረው አለ። ቀላል ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ብዙ ሠራተኛ ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ሐዲዱ በብዙ ቦታ በአጥርና በግንብ በመከለሉ፣ ቀድሞ መንገድ ተሻግረው ቡና ይጣጡ የነበሩ ጎረቤታሞች መሻገሪያ ፍለጋ ረጅም መንገድ መዞር ግድ ሆነባቸው። ከዊንጌት እስከ ጀሞ እንዲዘረጋ ለብዙ ዓመታት በዕቅድ ሲነገርለት የቆየው የፈጣን አውቶቡስ መስመርም ሆነ ወደፊት የሚመጣው ማንኛውም መስመር ይህ እንዳይደገም አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

በጎ ጅምሮችም አሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው ከመኪና ነፃ ቀን ልጆች በጎዳና ላይ ብስክሌት ሲነዱ ለማየት አብቅቶናል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ጎዳናዎች ላይም ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተዘርግተዋል። የሚቀረው ይህ ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ፣ ወደየቅያሱ መግባቱ ነው። እናት ልጇን ይዛ የምትወጣው ከቅያሱ ነውና። ብስክሌቱም ለሁሉ ይሆናል አይባልም። ከእንጦጦ ግርጌ ሽቅብ ለምትወጣ ሴት ይከብዳል። ሜዳማ በሆኑት ሠፈሮች ግን፣ የተለየ መንገድና ማቆሚያ ካለው፣ ለተማሪ ልጆቻችንና ለብዙ ሠራተኞች ይጠቅማል።

እርስዎ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

የከተማ ፕላን የሚነደፈው በቢሮ ቢሆንም፣ መንገዱን ከእርስዎ ይበልጥ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ሰዓት ሳይሻማዎት፣ የሚከተለውን ያድርጉ።

በመጀመሪያ፣ ትንሹን ልጅ ይዘው ከቤትዎ እስከ አውቶቡስ ወይም ታክሲ መሳፈሪያው ይሂዱና ደቂቃውን ይቁጠሩ። 500 ሜትር ለብቻው ለሚሄድ ሰው ሰባት ደቂቃ ያህል ነው፤ ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል። መለኪያው የልጁ እርምጃ ይሁን።

ሁለተኛ፣ መሻገሪያዎቹን ይቁጠሩ። ዜብራ አለው ወይ? ለእግረኛ መብራቱ በርቶ ሳይጠፋ ከልጅ ጋር ተሻግሮ ማለቅ ይቻላል ወይ? መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የገጨው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ፍጥነቱ ወደ 50 እና 60 ሲወጣ ግን የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ይቀንሳል። በጣቢያና በትምህርት ቤት አካባቢ ፍጥነት ይቀነስ ማለት የሚገባው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የእግረኛው መንገድ ስፋቱን ይመልከቱ። ዘንቢል የያዙ ሁለት ሴቶች ሳይጋፉ ለመተላለፍ ምንም ያልተደገነበት 2 ሜትር ያህል ስፋት ይሻሉ። ክዳን የሌላቸውን ቱቦዎች፣ መሐል ላይ የተተከሉትን ምሰሶዎች ይጻፉ። ጉሊት የያዙትን ሴቶች ግን እንቅፋት ብለው አይቁጠሩ፤ ቦታ ይሰጣቸው ይበሉ። እነሱም መንገዱን ሕያው የሚያደርጉ ሠርተው አዳሪዎች ናቸውና።

አራተኛ፣ ያንኑ መንገድ ከመሸ በኋላ ከጎረቤት ጋር ሆነው ይሂዱበት። መብራት የጠፋበትን፣ ሰው የማይታይበትን፣ ረጅም ግንብ ያለበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ለአካለ መጠን የደረሱ ሴት ልጆችዎ የትኛውን መንገድ እንደሚሸሹም ይጠይቋቸው። እነሱ ያውቁታል።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ወደ ወረዳው ስብሰባ ይዘው ይቅረቡ። ብቻዎን ሳይሆን ከሠፈሩ እናቶች፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦችዎ፣ ከትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ጋር ሆነው ይቅረቡ። «መንገዱ ይሠራልን» ከሚል አቤቱታ ይልቅ «ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ኪዮስክ ድረስ ሦስት ክፍት ቱቦ አለ፤ እዚህ ጋ ዜብራ የለም» የሚል ወረቀት ለመልስ ይቀርባል። አንድ ቱቦ መክደን፣ አንድ አምፖል መቀየር፣ አንድ ዜብራ መቀባት ትንሽ ሥራ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ትልቁም ሥራ የሚደረስበት በዚሁ ነው።

ፈጣኑ አውቶቡስ ወደ ሠፈርዎ የሚመጣበት ቀን ሲደርስም ጥያቄዎ የተዘጋጀ ይሁን። ጣቢያው ከቤታችን ስንት እርምጃ ነው? በመንገዱስ ላይ ሕፃናት መዋያ፣ ዳቦ ቤትና ጤና ጣቢያ አለ ወይ? ተከራዩ ሠራተኛ እዚያው ይቀራል ወይስ ይገፋል? እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ የሚጠይቅ ነዋሪ ባለበት ሠፈር ጣቢያው ሲሠራ መንገዱም አብሮ ይሠራል።